የአርባ አምስት ቀኑ ቀጠሮ፦ ከወሊድ በኋላ የሚሰጥ የቤተሰብ ዕቅድ አገልግሎት ግምገማ

ስለ ወሊድ የሚጻፉ አስተያየቶች አብዛኞቹ ማዋለጃ ክፍሉ በር ላይ ያበቃሉ። የትኛው ሆስፒታል ንጹሕ አልጋ እንዳለው፣ ቀዶ ጥገናው ስንት እንደሚያስከፍል፣ የትኛው ሐኪም ቁጡ፣ የትኛዋ አዋላጅ ደግ እንደሆነች በሰፊው ይወራል። እናቲቱ ልጇን ታቅፋ ከወጣች በኋላ ባልና ሚስቱ ወደ ግብረ ሥጋ ግንኙነት መቼና እንዴት እንደሚመለሱ፣ ሌላ እርግዝና ሳይታሰብ እንዳይደርስም በምን እንደሚጠነቀቁ የሚመለከተውን አገልግሎት ግን የሚገመግም ሰው አላየሁም። እኔ የምጽፈው በአንድ የአዲስ አበባ የመንግሥት ጤና ጣቢያ ውስጥ ስለሚገኘው የቤተሰብ ዕቅድ ክፍል ነው። ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ የተገለገልኩበት ክፍል ሲሆን፣ ከምስጋናው ጋር ቅሬታም ስላለኝና ባለሙያዎቹም በጥቂት ሰው ብዙ ሥራ የሚሸከሙ ስለሆኑ የጤና ጣቢያውን ስም አልጠቅስም። ፍርዴን ከመነሻው ለመናገር፣ ክፍሉ መከላከያውን በመስጠት በኩል ከጠበቅኩት በላይ ብቁ ነው፤ መከላከያ ያስፈለገበትን ጉዳይ፣ ማለትም ግንኙነቱን ራሱን በተመለከተ ግን አንደበት የለውም።

አገልግሎቱ የሚጀምረው ከሕፃኑ ነው፤ ይህን ያሰበው ሰው ሊመሰገን ይገባል። ሕፃናት በተወለዱ በስድስት ሳምንታቸው የሚከተቡትን፣ በየቤቱ «የአርባ አምስት ቀን ክትባት» የሚባለውን ቀጠሮ የምታሳልፍ እናት ጥቂት ናት፤ ለራሷ ሕመም ጤና ጣቢያ ለመሄድ የምትሰንፍ ሴት እንኳ ለልጇ ክትባት ትመጣለች። ከታቢዋ ነርስ የልጄን ጭን ወግታ የሚቀጥለውን ቀጠሮ በካርዱ ላይ ከጻፈች በኋላ፣ ቀና ብላ «እናቴ፣ ለራስሽስ ምን አሰብሽ?» አለችኝ። ገና መሆኔን ስነግራት ቁራጭ ወረቀት ጽፋ እዚያው ኮሪደር ላይ ወዳለው የቤተሰብ ዕቅድ ክፍል ላከችኝ። እንደገና ካርድ ክፍል ሄዶ መሰለፍ የለም። የሚከፈል ገንዘብም የለም፤ የቤተሰብ ዕቅድ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ከሚሰጡት አገልግሎቶች አንዱ ነውና ምክሩም፣ መከላከያውም፣ በኋላ ማስወጣቱም ያለ ክፍያ ነው። አንድ ቀን ሙሉ ሊወስድ ይችል የነበረውን ነገር ሁለቱ ክፍሎች ተነጋግረው ከረፋዱ በፊት ጨረሱት።

የቤተሰብ ዕቅድ ክፍሏ ሲስተር ከሁሉ አስቀድማ የደም ግፊቴን ለካች። ከዚያ የሽንት ምርመራ ታዘኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ እርጉዝ አለመሆኔን በጥያቄ ብቻ አረጋገጠች፦ ከወለድኩ ስንት ጊዜ እንደሆነኝ፣ የወር አበባ ተመልሶ እንደሆነ፣ ከወሊድ በኋላ ግንኙነት አድርገን እንደሆነ፣ ልጄን ጡት ብቻ እያጠባሁ እንደሆነ ጠየቀችኝ። «ጡት ብቻ ነው» ስላት አልተወችኝም፤ «ውሃም? አብሽም?» ብላ ደገመችልኝ። በየቤታችን ለሕፃን ሆድ ይበጃል ተብሎ የሚሰጠው የአብሽ ውሃ ብዙዎቻችን ከምግብ እንደማንቆጥረው ታውቃለችና ነው ያንን ያነሳችው። ይህ የጥያቄ ዝርዝር የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው አሠራር ሲሆን፣ ምርመራ በሌለበት ቦታ እናቲቱን «የወር አበባሽ ሲመጣ ተመለሺ» ብሎ ባዶ እጇን ከመስደድ የሚያድን ነው። የምታጠባ ሴት የወር አበባዋ ለወራት ላይመጣ ስለሚችል፣ ያ የቆየ አሠራር ስንቷን ሴት ሳትዘጋጅ ለሁለተኛ እርግዝና እንደዳረጋት መገመት አያዳግትም።

እዚህ ላይ ስለ ጊዜ አቆጣጠሩ ትንሽ ማብራራት ያስፈልጋል፤ የጉዳዩ ዋና እንቆቅልሽ እሱ ነውና። በአገራችን አራስነት የሚቆጠረው በሃይማኖትና በልማድ ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀን ክርስትና ይነሣሉ፤ ብዙ ባለትዳሮችም እስከዚያ ቀን ድረስ አይገናኙም። በእስልምናም የወሊድ ደም ሳይቆም መገናኘት የተከለከለ ሲሆን፣ አብዛኞቹ ሊቃውንት የኒፋስን፣ ማለትም የወሊድ ደሙን ጊዜ፣ ወሰን እስከ አርባ ቀን ያደርሱታል። ይህ ልማድ ለእናቲቱ ዕረፍት መስጠቱ፣ ስፌቷ እንዲጠግግ ጊዜ መፍቀዱ መልካም ነው፤ ሐኪሞችም ደሙ እስኪቆምና ቁስሉ እስኪድን፣ በጥቅሉ እስከ ስድስት ሳምንት ገደማ መቆየትን ይመክራሉ። ችግሩ ሰውነት ክርስትናውን የማይጠብቅ መሆኑ ነው። ጡት የማታጠባ ሴት ከወለደች በአራተኛው ሳምንት ገደማ እንቁላል ልታወጣ ትችላለች። እንቁላሉ የሚወጣው ደግሞ ከወር አበባው በፊት በመሆኑ፣ አንድም ጊዜ የወር አበባ ሳታይ የምታረግዝ ሴት አለች። ሴት ልጅ የወለዱ ባልና ሚስት ሰማንያውን ቀን በትዕግሥት ጠብቀው፣ የክርስትናው ድግስ ባለቀ ማግሥት ያለ አንዳች መከላከያ ሲገናኙ፣ እናቲቱ ለማርገዝ የምትችልበት ጊዜ ከደረሰ ሳምንታት አልፈው ሊሆን ይችላል። ሲስተሯ ይህንን በግልጽ አስረዳችኝ፤ ልጄ ሴት መሆኗን ከካርዱ አይታ «እስከ ሰማንያ ብትቆዪም መከላከያውን ዛሬ መውሰድ ይሻልሻል፤ ያን ጊዜ ለመምጣት ምክንያት የለሽም» አለችኝ። ሃይማኖቴን ሳትነካ፣ ልማዱንም ሳታንቋሽሽ የተናገረችው ስለነበረ፣ ከዚያ ክፍል ከሰማኋቸው ንግግሮች ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ።

ከዚያ በጠረጴዛዋ ላይ ያለውን ሰሌዳ ወደ እኔ አዞረችው። መከላከያዎቹ አንድ በአንድ ተለጥፈውበታል፤ የፕላስቲክ ሽፋናቸው በብዙ እጅ ተነክቶ ደብዝዟል። አማራጮቹን በቴክኒክ ስማቸው ሳይሆን በሚቆዩበት ጊዜ ነው የምትጠራቸው፤ «የሦስት ወሩ» መርፌው ዴፖ ፕሮቬራ፣ «የሦስት ዓመቱ» በክንድ የሚቀበረው ኢምፕላኖን፣ «የአምስት ዓመቱ» እንዲሁ በክንድ የሚቀበረው ጃዴል፣ «የአሥራ ሁለት ዓመቱ» ደግሞ በማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው የመዳብ ሉፕ ነው። ተገልጋዮቹም እንዲሁ ነው የሚጠሯቸው።

ለምታጠባ እናት ሁሉም እኩል አይደሉም፤ ልዩነቱን የነገረችኝ ግን ስጠይቃት ነው። ሁለት ሆርሞን ያለው የተለመደው ክኒን ለምታጠባ እናት እስከ ስድስት ወር አይመከርም፤ ወተት ሊቀንስ ይችላል ተብሎ ስለሚሠጋ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደግሞ፣ ታጥባም አታጥባ፣ በአራስ ሴት ላይ ከፍ ብሎ የሚታየውን የደም መርጋት አደጋ ያባብሳል። ለአጥቢ የሚሆነው አንድ ሆርሞን ብቻ ያለው፣ ለምሳሌ ማይክሮሉት የሚባለው ክኒን ነው፤ 35ቱ ፍሬ ያለ ዕረፍት በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት የሚዋጥ ሲሆን፣ ከሦስት ሰዓት በላይ መዘግየት ኃይሉን ይቀንሰዋል። ሌሊቱን በሕፃን ልቅሶ የምታነጋ እናት ሰዓት ጠብቃ ትውጣለች ብሎ ማሰብ ለእኔ ከባድ ነው፤ ባልና ሚስት ተነጋግረው የስልክ ደወል ካላስያዙ በቀር አልመክረውም።

መርፌው በአገራችን የሁሉም ንጉሥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንደሚያሳየው፣ ካገቡ ሴቶች 41 በመቶ የሚሆኑት መከላከያ ይጠቀሙ ነበር፤ ካገቡት ሁሉ 27 በመቶው መርፌ፣ 9 በመቶው በክንድ የሚቀበረው፣ 2 በመቶው ብቻ ሉፕ ነበር። መርፌው የሚወደድበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ማንም አያየውም፣ ማንም አይሰማውም። ከባሏ ወይም ከአማቷ ተደብቃ የምትወስድ ሴት ለምን እንደምትመርጠው ለመረዳት ጠቢብ መሆን አያስፈልግም። ለምታጠባ ሴት ግን ስድስት ሳምንት ሳይሞላት እንዲሰጣት አይመከርም፤ ካቆመችው በኋላም የማርገዝ ችሎታዋ እስኪመለስ ረዘም ያለ ጊዜ ሊወስድ ይችላል፤ ከመጨረሻው መርፌ ጀምሮ በአማካይ አሥር ወር ገደማ ይባላል። «መካን አደረገኝ» የሚለው ወሬ የሚነሣውም ብዙውን ጊዜ ከዚህ መዘግየት ነው። ሁለተኛውን ልጅ በሁለት ዓመት ተኩል ለማስከተል ያሰቡ ጥንዶች ይህን ቀድመው ቢያውቁት ይጠቅማቸዋል፤ ሲስተሯ ግን ይህን ክፍል ዘለለችው።

ሉፕን በተመለከተ ያለኝ ቅሬታ በጤና ጣቢያው ላይ ብቻ አይደለም። የመዳብ ሉፕ ምንም ሆርሞን የለውም፣ ወተት አይነካም፣ የእንግዴ ልጁ በወጣ በ10 ደቂቃ ውስጥ ወይም እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ሊገባ ይችላል፤ ያ ካለፈ እስከ አራት ሳምንት መጠበቅ ያስፈልጋል። ወዲያው የገባው ተንሸራትቶ የመውጣት ዕድሉ በኋላ ከሚገባው ከፍ ይላል፤ ቢሆንም ከማዋለጃው አልጋ ሳይወርዱ ለዓመታት ከሐሳብ መገላገል ቀላል ነገር አይደለም። ይህ እንዲሆን ግን እናቲቱ በእርግዝና ክትትል ጊዜ ተነግሯት፣ አስባበት፣ ከባሏም ተማክራ መምጣት አለባት፤ ምጥ ላይ ያለችን ሴት ምረጪ ማለት ምርጫ አይባልም። እኔ በክትትሌ ወራት ሁሉ ስለ ደም ማነስና ስለ ክብደቴ ብዙ ተመከርኩ እንጂ፣ ከወሊድ በኋላ ስለሚሆነው አንድ ቃል የነገረኝ አልነበረም። አርባ አምስተኛው ቀን ላይም ቢሆን ሉፕ ማስገባት ይቻል ነበር፤ ሲስተሯ ስሙን ጠርታ በፍጥነት አለፈችው፤ በዚያ ቀን የሚያስገባው ባለሙያ አለመኖሩን የነገረችኝም ዘግይታ ነው። ምርጫው በሰሌዳው ላይ አምስትና ስድስት ቢመስልም፣ በክፍሉ ውስጥ በእርግጥ ያለው ሦስት ነበር።

ጡት በማጥባት ብቻ መከላከልንም አንስታለች፤ እሱንም በደንብ። ሦስት ነገሮች መሟላት አለባቸው፦ ሕፃኑ ስድስት ወር ያልሞላው መሆን፣ ሌላ ምግብም ውሃም ሳይቀምስ ቀንም ሌሊትም ጡት ብቻ መጥባት፣ የእናቲቱም የወር አበባ አለመመለስ። ሦስቱ ከተሟሉ የመከላከል አቅሙ 98 በመቶ ገደማ ነው፤ አንዱ ሲጎድል ግን ያበቃል። በቀን ከአራት፣ በሌሊት ከስድስት ሰዓት በላይ ሳያጠቡ መቆየትም ያዳክመዋል። ከዚህ ጋር ያልተነሣው ነገር የሥራችን ጉዳይ ነው፤ በሕግ የተፈቀደው ከወሊድ በኋላ የ90 ቀን ፈቃድ ሲሆን፣ ስድስት ወር ለሚጠይቅ ዘዴ በግማሹ ላይ ወደ ቢሮ የሚመልስ ነው። በፈቃዷ መጨረሻ ሳምንት ሌላ መከላከያ መጀመር እንዳለባት ያልተነገራት ተቀጣሪ እናት፣ ጡት ማጥባቷን ተማምና ሳታውቀው ሳትጠበቅ ትቀራለች።

እኔ የመረጥኩት የሦስት ዓመቱን ነው፤ ክፍሉ ብቃቱን ያሳየውም እዚህ ላይ ነው። ኢምፕላኖን 68 ሚሊግራም ኢቶኖጀስትሬል የተባለ ሆርሞን የያዘ፣ አራት ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው፣ ውፍረቱ ከክብሪት እንጨት የማይበልጥ አንድ ዘንግ ነው። ሲስተሯ በቀኝ እጄ የምጽፍ መሆኔን ጠየቀችና ግራ ክንዴን ከራሴ በላይ አድርጌ እንድተኛ ነገረችኝ። በውስጠኛው በኩል በእስክሪብቶ ሁለት ነጥብ አደረገች፤ በአዮዲን ጠረገች፤ ማደንዘዣውን ወጋች። የተሰማኝ ያ ብቻ ነው። ዘንጉ ሲገባ ከመጎተት በቀር ሕመም አልነበረውም፤ ማደንዘዣው እስኪሠራ ከጠበቅንበት ጊዜም ያነሰ ወሰደ። ከዚያ ጣቴን ይዛ በቆዳው ላይ አሳለፈችና «አገኘሽው? ሁለቱንም ጫፍ ንኪ» አለችኝ። ይህ እርምጃ የግድ ነው፤ ዘንጉ የማይዳሰስ ከሆነ በጥልቀት ገብቷል ወይም ጨርሶ አልገባም ማለት ነውና። ከኔ በኋላ የገባችው ወጣት እናት «ወደ ልብ ይሄዳል ይባላል» ብላ ስትጠይቅ በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ሰማሁ፤ መልሱም በእጅ ማስዳሰስ ነበር። ከማንኛውም ማብራሪያ ይልቅ ይህ ያሳምናል።

ከዚህ ጋር የምመሰክርላት ሌላም ነገር አለ፤ የሳንባ ነቀርሳ ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት እወስድ እንደሆነ ጠይቃኛለች። ሪፋምፒሲን፣ እንዲሁም ካርባማዜፒንና ፌኒቶይን የመሳሰሉት መድኃኒቶች የዚህን መከላከያ ኃይል ይቀንሳሉ፤ አንዳንድ የኤች አይ ቪ መድኃኒቶችም፣ በተለይ ኢፋቪሬንዝ፣ እንዲሁ ናቸው። ይህን ጥያቄ የሚያነሡት ሁሉም ባለሙያዎች አለመሆናቸውን ከሌሎች እናቶች ሰምቻለሁ። ጡት ብቻ እያጠባሁና የወር አበባ ሳይመለስ ስላስገባሁት ከዚያው ዕለት ጀምሮ እንደሚጠብቀኝ፣ ጡት ከሌላ ነገር ጋር ለምትቀላቅል እናት ግን ሰባት ቀን በኮንዶም መደገፍ እንደሚያስፈልግ አስረድታ፣ ቢያስፈልግ ብላ ኮንዶምም ሰጠችኝ።

ወደ ዋናው ጉድለት ልመለስ። ኮንዶሙን እየተቀበልኩ «ሲስተር፣ ስፌት ነበረኝ፤ ያመኛል ብዬ እፈራለሁ» አልኳት። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የተናገርኩት፤ ክፍሉ ውስጥ ያለው መጋረጃ አልጋውን እንጂ ድምፅን አይከልልም፤ በዚያ ላይ አንዲት ባልደረባዋ መዝገብ ልትወስድ ገብታ ቆማ ነበር። «አርባ አምስት ቀን ካለፈሽ ችግር የለውም» ብላኝ ወደ መዝገቧ ዞረች። መልሱ ስሕተት ላይሆን ይችላል፤ ግን የሚነግረኝ ነገር የለውም። ከወሊድ በኋላ ወደ ግንኙነት መመለስ በቀን ቁጥር ብቻ የሚለካ ቢሆን ኖሮ ክፍሉም ባላስፈለገ፤ የቀን መቁጠሪያው በቂ በሆነ ነበር።

በኋላ አንዲት የምታውቀኝ አዋላጅ ጊዜ ሰጥታ ያስረዳችኝን እዚህ ላይ አሰፍራለሁ፤ በዚያ ክፍል ሊነገር የሚገባውና አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ስለሆነ ነው። የምታጠባ ሴት ሰውነት ውስጥ ኤስትሮጅን ዝቅ ስለሚል ብልት ይደርቃል፤ ስለዚህ ፍላጎት እያለ እንኳ ሊያም ይችላል። ይህ የፍቅር መቀነስ ምልክት አይደለም፤ ባልም ሚስትም እንዲህ አድርገው ሊተረጉሙት አይገባም። መፍትሔው ከፋርማሲ የሚገዛ፣ በውሃ የተሠራ ማለስለሻ ጄል ነው። ቫዝሊን፣ ቅባትም ሆነ የምግብ ዘይት ግን ከኮንዶም ጋር ፈጽሞ አይሄዱም፤ የጎማውን ላስቲክ አድክመው ያስቀድዱታል። ስፌት የነበረባት ሴት መጀመሪያ ራሷ በንጹሕ እጅ ቦታውን ዳስሳ ሕመሙ የቀረ መሆኑን ማወቅ ትችላለች። ሲጀመር አለመቸኮል፣ ካመመ ማቆም፣ ለሌላ ጊዜ መተው፣ እስከዚያ መተቃቀፍና መደባበስ በቂ መሆኑን መስማማት ያስፈልጋል። በግንኙነት ጊዜ ወተት ከጡት ሊፈስ ይችላል፤ ልጅ ሲያለቅስ ወተትን የሚያወርደው ኦክሲቶሲን የተባለው ሆርሞን በደስታም ጊዜ ስለሚመነጭ ነው። ይህን አስቀድሞ ያልሰማ ባልና ሚስት ሊደነግጥ ይችላል፤ ያወቀ ግን ፎጣ አጠገቡ አድርጎ ይስቅበታል።

አዋላጇ ካስረዳችኝ ሁሉ ከባዱ ስለ ፍላጎት የነገረችኝ ነው። እንቅልፍ ማጣት፣ የሆርሞን መለዋወጥ፣ ቀኑን ሙሉ በሕፃን መነካካት ተደምረው ሴቲቱን ለወራት ፍላጎት ሊያሳጧት ይችላሉ። ለሳምንታት የማይለቅ ሐዘን፣ ራስን መጥላት፣ ከሕፃኑም ከባልም መራቅ ካለ ግን ድካም ብቻ ላይሆን ስለሚችል፣ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የመንፈስ ጭንቀት መሆን አለመሆኑን ሐኪም ማየት አለበት። በዚያ ክፍል ስለ ስሜቴ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ሲያስል ወይም ሲስቅ ሽንት ማምለጥ፣ በግንኙነት ጊዜ ከጥቂት ወራት በኋላም የማይጠፋ ሕመም፣ መጥፎ ጠረን ያለው ፈሳሽ፣ እነዚህም ሐኪም የሚያሳዩ ናቸው እንጂ «የወለደች ሴት ዕጣ» ተብለው የሚታለፉ አይደሉም።

ባለቤቴ ይህ ሁሉ ሲሆን ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ልጃችንን ታቅፎ ተቀምጦ ነበር። የሚያስገባው አልነበረም፤ መግባት እንደሚችልም የነገረው የለም። ሴትዮዋ ብቻዋን ከባለሙያ ጋር የምትነጋገርበት ጊዜ ሊኖራት እንደሚገባ አምናለሁ፤ ባሏ ለሚያስገድዳት ወይም ለሚከለክላት ሴት ያ ጊዜ ነፃነቷ ነው። ነገር ግን እሷ ከፈቀደች ባልን በመጨረሻው አምስት ደቂቃ ጠርቶ ስለ ሕመሙ፣ ስለ ጄሉ፣ በክንድ የተቀበረው ስለሚያመጣው የደም መዛባት በአንድ ላይ ማስረዳት ብዙ የቤት ውስጥ ጥል ያስቀራል። ከሐኪም ቤት ወጥታ «ገና ነው ተብያለሁ» የምትል ሴት ብዙ ጊዜ የማትታመነው ባልየው ጆሮውን ስላልሰጠ ሳይሆን ማንም ስላላነጋገረው ነው።

የክትትሉን ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ግምገማዬ ይጎድላል። በክንድ የሚቀበረው መከላከያ የወር አበባን ያዛባል፤ አንዳንዷን ጨርሶ ያስቀርባታል፣ አንዳንዷን ጠብ ጠብ እያለ ለቀናት ያቆይባታል። ይህ ለጤና የሚያሠጋ አለመሆኑ ተነግሮኝ ስለነበር ሲደርስብኝ አልደነገጥኩም፤ ለጥያቄ ስመለስም በደንብ ተቀበሉኝ። ያስቆጣኝ ግን በዚያው ዕለት ወረፋ ላይ የነበረች አንዲት እናት ጉዳይ ነው። ደሙ ስላስመረራት ማስወጣት እንደምትፈልግ ስትናገር «ትንሽ ታገሺው፣ ገና ስድስት ወርሽ ነው» ተብላ ተመለሰች። ምክር መስጠት ተገቢ ነው፤ ደሙን ለማቆም የሚረዱ የአጭር ጊዜ መድኃኒቶችም አሉ። ነገር ግን አንዲት ሴት አስወጡልኝ ካለች ልታስወጣ መብቷ ነው፤ ለማስገባት የተዘጋጀ እጅ ለማውጣትም መዘጋጀት አለበት። ሲገባ በነፃ፣ ሲወጣ በልመና የሆነ መከላከያ ሰፈሩን ሁሉ ያስፈራዋል፤ ስለ ዘንጉ የሚነዛው ወሬ ግማሹ ከዚህ የሚነሣ ይመስለኛል።

ከሌሎች አማራጮች ጋር ላነጻጽር። በግል ክሊኒክ የሚገኘው ትርፍ ጥቅም ግላዊነት ነው፤ በሩ ይዘጋል፣ ባልም ይገባል፤ ዘንጉ ግን ያው ዘንግ ነው፤ የሚያስገባው እጅም ከጤና ጣቢያዋ ሲስተር በላይ የሠለጠነ ላይሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ያለው የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር እና ቀድሞ ሜሪ ስቶፕስ ይባል የነበረው ኤም ኤስ አይ ክሊኒኮች አሏቸው፤ ጤና ጣቢያው ሉፕ የሚያስገባ ባለሙያ ባጣበት ቀን እነሱ ጋር መጠየቅ ያዋጣል። ፋርማሲው ለኮንዶም፣ ለጄል፣ ያለ መከላከያ ግንኙነት ከተደረገም በ72 ሰዓት ውስጥ ለሚወሰደው ፖስትፒል ያገለግላል፤ ይህንን የምታጠባ እናትም መውሰድ ትችላለች፤ ግን ለዘወትር የሚሆን አይደለም፣ በቶሎ በተወሰደ መጠንም የተሻለ ይሠራል። ለጤንነትም ሆነ ለኪስ ሚዛን ጤና ጣቢያውን ነው የምመርጠው፤ እኅቴ ስትወልድም ወደዚያው ነው የምልካት፤ ጥያቄዎቿን ግን በወረቀት ጽፋ፣ ባሏን ይዛ፣ በሩ እንዲዘጋላት ጠይቃ እንድትገባ አስጠንቅቄ ነው።

ለሚሄዱ እናቶች ሁለት ተግባራዊ ነገር። በጤና ጣቢያው ክፍል ያለው ባለሙያ ከሰዓት በኋላ ይሳሳል፤ ክትባቱም ምክሩም ጠዋት ቢሆን ይመረጣል። ዘንጉ ሲገባ የሚሰጠው ትንሽ ካርድ የገባበትንና የሚወጣበትን ቀን የያዘ ስለሆነ በስልክ ፎቶ ማንሣት ይጠቅማል፤ የእኔ ካርድ የሚወጣበት ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጅ ሳይገለጽ የተጻፈ ነበር፤ በእስክሪብቶ አስተካክላ እንድትጽፍልኝ አድርጌአለሁ። ጊዜው ሲያበቃ አሮጌውን አስወጥቶ በዚያው ዕለት አዲስ ማስገባት ይቻላል፤ ልጅ ለሚፈልጉ ደግሞ ዘንጉ ከወጣ በኋላ የማርገዝ ችሎታ እንደ መርፌው ሳይዘገይ ይመለሳል።